በሌላ አገር ልክ የተሰፋ ማጣሪያ፤ ስለ ልብ ምት መለያ ዘዴ የቀረበ ትችት

አንድ ዘዴ በብዙ እጅ ሲዘዋወርና በብዙ አፍ ሲመሰገን ውሎ ሲያድር፣ ከምርመራ በላይ የሆነ ይመስላል። ተማሪው ከመጽሐፍ ይገለብጠዋል፤ ውጤቱ ካማረለትም ከየት እንደ ተነሣ አይጠይቅም። እንዲህ ካሉት ዘዴዎች አንዱ፣ የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት ከሁከት አጣርቶ እያንዳንዱን ምት ለመለየት ጂያፑ ፓንና ዊሊስ ቶምፕኪንስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1985 ዓ.ም. ያሳተሙት ዘዴ ነው። ዛሬ በልብ ምልክት ላይ የሚሠራ ተማሪ ሁሉ፣ በአዲስ አበባም ይሁን በጎንደር፣ በጅማም ይሁን እዚሁ በሐዋሳ፣ መጀመሪያ የሚያገኘው ይህንኑ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህን ትችት ለመጻፍ ያነሣሣኝ ሥራውን የመንቀፍ ፍላጎት አይደለም፤ ሥራው ድንቅ ነው። ነገር ግን ልብስ ምንም ቢያምር በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ እንደ ሆነ፣ ለባሹ እጅጌውን ማጠፍ ወይም ማስረዘም አይቀርለትም። የማቀርበው ሐሳብ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ማጣሪያው የተለካው ለአሜሪካ የኤሌክትሪክ መሥመርና ለአሜሪካ በሽተኞች ስለ ሆነ፣ ሐዋሳ ላይ ሥራ ከመጀመሩ በፊት እንደገና ሊለካ ይገባል የሚል ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ነገሩ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ እንመልከት። ልብ ሲመታ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ይህ ኤሌክትሪክ ከሰው ቆዳ ላይ መለካት እንደሚቻል እንግሊዛዊው ኦገስተስ ዎለር በ1887 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) አሳይቷል፤ ከእርሱ በኋላ የሆላንዱ ሊቅ ቪለም አይንትሆቨን መሣሪያውን ስላሻሻለውና የሞገዶቹን ትርጉም ስለ ገለጸ በ1924 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀብሏል። ሞገዶቹን ፒ፣ ኪው፣ አር፣ ኤስ፣ ቲ ብሎ የሰየመ እርሱ ነው፤ ሐኪሞቻችንም እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠሯቸዋል። ከእነዚህ መካከል የልብ ታችኛ ክፍሎች በሚኰማተሩበት ጊዜ የሚታየው ሹል ጫፍ፣ ማለት ኪው-አር-ኤስ፣ ለቈጠራ የሚመረጠው ነው። ርዝመቱ ከሴኮንድ ዐሥረኛ እጅ ብዙ አያልፍም፤ ቁመቱም አንድ ሚሊቮልት ያህል ነው። እንግዲህ በግድግዳችን ላይ ያለው ሶኬት 220 ቮልት ሲሆን፣ ልባችን የሚሰጠን የአንዲት ቮልት ሺህኛ እጅ መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

ይህ ትንሽ ምልክት ብቻውን አይመጣም። በመጀመሪያ፣ ሰውየው በተነፈሰ ቁጥር መሥመሩ ቀስ ብሎ ከፍና ዝቅ ይላል። ሁለተኛ፣ ጡንቻ በተንቀሳቀሰ ጊዜ የራሱን ኤሌክትሪክ ይጨምርበታል። ሦስተኛ፣ በክፍሉ ውስጥ ያለው የመብራት መሥመር ሰውነትን እንደ አንቴና ተጠቅሞ ጉምጉምታውን ያስገባል። ወፍጮ ቤት ደጃፍ ቆሞ ከወዳጁ ጋር ለመነጋገር የሞከረ ሰው የዚህን የሦስተኛውን ጠባይ ያውቀዋል። ወፍጮው አያቋርጥም፤ ድምፁም አይለዋወጥም፤ ስለዚህም ጆሮ ለይቶ ሊተወው ይችላል። ነገር ግን ለይቶ ለመተው የወፍጮው ድምፅ የቱ እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ፓንና ቶምፕኪንስ ያደረጉት ምንድን ነው? በሴኮንድ 200 ናሙና እየወሰዱ፣ ምልክቱን በመጀመሪያ በሴኮንድ ከ5 እስከ 11 ዙር ያህል ብቻ በሚያሳልፍ ማጣሪያ አሳለፉት። ቀጥለው የመሥመሩን ዳገትነት ለኩ፤ ኪው-አር-ኤስ ከሌሎቹ ሞገዶች ይልቅ ቀጥ ያለ ዳገት አለውና። ዳገቱን በራሱ አበዙት፤ በዚህም ትልቁ ይበልጥ ትልቅ፣ ትንሹ ይበልጥ ትንሽ ይሆናል። ከዚያም በ150 ሚሊሴኮንድ መስኮት እየደመሩ፣ ድምሩ ከተወሰነ ደፍ በላይ ሲሆን «ይህ ምት ነው» አሉ። ደፉም አንድ ቦታ የቆመ አይደለም፤ ምልክቱ ከፍ ሲል ከፍ፣ ዝቅ ሲል ዝቅ ይላል። ከአማካዩ የምት ርቀት 1.66 እጥፍ ያህል ጊዜ ያለ ምት ካለፈ፣ ማሽኑ ወደ ኋላ ተመልሶ በግማሽ ደፍ እንደገና ይፈልጋል።

የዚህ ሁሉ ውበት በቁጠባው ላይ ነው። በጊዜው የነበራቸው ዜድ-80 የተባለ ትንሽ ማስያ ስለ ነበረ፣ ማጣሪያዎቹን በሙሉ ቍጥር መደመርና መቀነስ ብቻ እንዲሠሩ አድርገው አበጇቸው። ዛሬ በርካሽ ዋጋ በሚገኝ ትንሽ ቺፕ መሣሪያ ለመሥራት ለሚያስብ የእኛ አገር ተማሪ ይህ ታላቅ ስጦታ መሆኑ አያጠራጥርም። ደራሲዎቹም ዘዴያቸው ከመቶ 99.3 እጅ የሚሆኑትን ምቶች በትክክል እንደ ለየ ጽፈዋል።

ትችቴ የሚጀምረው ከዚህ ቍጥር ነው። 99.3 የተገኘው የት አገር፣ በማን ልብ ላይ ነው? መፈተኛው በቦስተን ከተማ በቤት እስራኤል ሆስፒታል ከ1975 እስከ 1979 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ተቀድቶ፣ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በ1980 ዓ.ም. ማሠራጨት የጀመረው መዝገብ ነው። ከ47 ሰዎች የተወሰዱ 48 ቅጂዎች አሉበት፤ እያንዳንዱም የግማሽ ሰዓት ነው። ሐኪሞች አንድ በአንድ ምልክት ያደረጉባቸው ምቶች 110,000 ያህል ናቸው። ይህን ያህል ድካም የፈሰሰበትን መዝገብ ለዓለም ተማሪ ሁሉ መክፈታቸው የሚያስመሰግናቸው ነው።

ዳሩ ግን መዝገቡ የተወለደበትን አገር ጠባይ ይዟል። በአሜሪካ የመብራት መሥመር በሴኮንድ 60 ዙር ይመላለሳል፤ በኢትዮጵያ 50 ነው። የመዝገቡ ናሙና በሴኮንድ 360 እንዲሆን የተመረጠውም የ60 ዙርን ሁከት ለሚያጠፉ ማጣሪያዎች እንዲመች ታስቦ ነው፤ 360 ለ60 ሲካፈል ያለ ቀሪ 6 ይደርሳልና። ለ50 ሲካፈል ግን 7.2 ሆኖ ይሰበራል። ከዚህም በላይ፣ በሽተኞቹ የተሸከሙት መቅረጫ በባትሪ የሚሠራ ስለ ነበረ፣ በመዝገቡ ውስጥ ያለው አብዛኛው የመሥመር ሁከት የገባው ቴፑ ኋላ ሲገለበጥ ነው፤ ቴፑ በእጥፍ ፍጥነት በተገለበጠባቸው ቅጂዎችማ ሁከቱ 30 ዙር ሆኖ ይታያል። ስለዚህ አንድ ሰው ይህን መዝገብ በሚገባ አጣራሁ ቢል፣ በሐዋሳ ክፍል ውስጥ ከሶኬት አጠገብ የተኛን በሽተኛ ምልክት ማጣራት እንደሚችል ገና አላስረዳም።

አሁን ወደ ማጣሪያው ወደ ራሱ እንግባ። ስሌቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከተማርነው ትሪጎኖሜትሪ አያልፍም፤ ማንም አንባቢ በወረቀት ላይ ሊደግመው ይችላል። የደራሲዎቹ የመጀመሪያ ማጣሪያ ስድስት ስድስት ናሙና የሚደምር ሥራ ሁለት ጊዜ የተደረገበት ነው። እንዲህ ያለው ማጣሪያ፣ ናሙናው በሴኮንድ 200 ሲሆን፣ በ33.3፣ በ66.7ና በ100 ዙር ላይ ፈጽሞ ምንም አያሳልፍም። በእነዚህ ነጥቦች መካከል ግን ጥቂት ጥቂት ያሾልካል። 60 ዙር ለ66.7 የቀረበ ስለ ሆነ፣ ከሁከቱ የሚያልፈው ከ68 እጅ አንድ እጅ ነው። ደራሲዎቹም የ60 ዙር ሁከት በሚገባ እንደሚደክም ሲጽፉ እውነታቸውን ነው። የእኛ 50 ዙር ግን በ33.3ና በ66.7 መካከል እኩል ላይ ይወድቃል፤ የሚያልፈውም ከ18 እጅ አንድ እጅ ነው። በሁለት ምሰሶዎች መካከል የተዘረጋ ገመድ ይበልጥ የሚረግበው መካከሉ ላይ እንደ ሆነ ሁሉ፣ አገራችንም በዚያ በላላው ቦታ ላይ ቆማለች።

በዚህም አያበቃም። ቀጥሎ የሚመጣው የዳገት መለኪያ የ60 ዙርን ሁከት በ0.33፣ የ50 ዙርን በ0.5 ያባዛል፤ ማለት የእኛውን አንድ ጊዜ ተኩል ያህል አብልጦ ያሳልፋል። ሁለቱ ሲደመሩ የእኛ ጉምጉምታ ከአሜሪካው ስድስት እጥፍ ያህል ሆኖ ይወጣል፤ በራሱ ሲባዛ ደግሞ ልዩነቱ 33 እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ያው ማሽን፣ ያው ቀመር፣ ያው በሽተኛ፤ የተለወጠው በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ብቻ ነው።

በፍርድ ሚዛን ለመናገር፣ ይህ ዘዴውን ከጥቅም ውጪ አያደርገውም። ጉምጉምታው ከልብ ምቱ ጋር እኩል ቁመት ቢኖረው፣ ከዳገት መለኪያው በሚወጣበት ጊዜ በሴኮንድ 10 ዙር ከሚመላለሰው የምቱ ዋና ክፍል ጋር ሲነጻጸር ዐሥረኛ እጁን ያህል ነው፤ በራሱ ሲባዛም መቶኛ እጅ ያህል ይሆናል። ይህን ደፉ በቀላሉ ያልፈዋል። ነገር ግን የኤሌክትሮዱ ቅባት ደርቆ፣ ወይም ክፍሉ የመሬት ሽቦ ሳይኖረው፣ ጉምጉምታው የምቱን አምስት እጥፍ ቢሆን፣ በራሱ ከተባዛ በኋላ የምቱን ሩብ ያልፋል። ያው አምስት እጥፍ ሁከት በ60 ዙር ቢሆን ኖሮ መቶኛ እጅ እንኳ አይሞላም ነበር። ወደ ኋላ ተመልሶ በግማሽ ደፍ የሚፈልገው ሥርዓት በዚህ ጊዜ ምት ያልሆነውን ምት ብሎ ሊቈጥር የሚችልበት አጋጣሚ ይከፈታል።

መፍትሔው ከባድ አለመሆኑ ነገሩን ይበልጥ የሚያሳዝን ያደርገዋል። በሴኮንድ 200 ናሙና ስንወስድ፣ በ50 ዙር አንዱ ሙሉ ዙር በትክክል አራት ናሙና ነው። ስለዚህ ተከታታይ አራት ናሙናዎችን ደምሮ ለአራት ማካፈል ብቻ ይበቃል፤ የጉምጉምታው ከፍታና ዝቅታ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። በ10 ዙር ላይ ካለው የልብ ምልክት የምናጣው ከመቶ 6 እጅ ብቻ ነው። መሥመሩ ወደ 49.5 ዙር ዝቅ ቢል እንኳ የሚያልፈው ከ90 እጅ አንድ እጅ ያህል ነው። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር በተነሣ ጊዜ ፍጥነቱ ወደ 48 ቢወርድ፣ ከ22 እጅ አንድ እጅ ያህል ያልፋል፤ ይህም ቢሆን በመጀመሪያው ማጣሪያ ላይ የተጨመረ ጥበቃ ነው። ይህ ጭማሪ የደራሲዎቹን የቁጠባ መንፈስ አይጥስም፤ በሙሉ ቍጥር መደመርና ለአራት ማካፈል ነውና። የሚያስፈልገው አዲስ ጥበብ ሳይሆን፣ የራስን አገር ቍጥር አስታውሶ በቀመሩ ውስጥ ማስገባት ነው።

የኤሌክትሪኩ ነገር በዚህ ይብቃና፣ ወደ ሁለተኛው ልክ፣ ወደ በሽተኞቹ እንለፍ። በቦስተኑ መዝገብ ውስጥ ያሉት ወንዶች ከ32 እስከ 89፣ ሴቶቹ ከ23 እስከ 89 ዓመት የሆናቸው ናቸው። ሕፃን አንድ እንኳ የለም። በአገራችን ግን ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን በሮች የሚያበላሸው የሩማቲክ የልብ በሽታ በይበልጥ የሚይዘው ልጆችንና ወጣቶችን ነው። የዓለም የጤና ጉባኤ በ2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ስለዚህ በሽታ ውሳኔ ያሳለፈው፣ በድኻ አገሮች ልጆች ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ስለ በዛ ነው። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል መኖርም ብቻውን ይህንኑ ይመሰክራል።

የልጅ ልብ ከአዋቂ ልብ ይፈጥናል። ፓንና ቶምፕኪንስ ከአንድ ምት በኋላ በ360 ሚሊሴኮንድ ውስጥ የሚመጣውን ጫፍ «ቲ ሞገድ ይሆን?» ብለው ዳገቱን ይመረምራሉ። ለአዋቂ ይህ ብልህነት ነው። በደቂቃ ከ166 ጊዜ በላይ ለሚመታ የሕፃን ልብ ግን፣ እያንዳንዱ እውነተኛ ምት በዚህ የጥርጣሬ በር ማለፍ ግድ ይሆንበታል። ምርመራው ዳገትን ስለሚያይ አብዛኛውን ጊዜ ሊያሳልፈው ይችላል፤ ነገር ግን ሁከት ዳገቱን ባበላሸ ጊዜ የሚጣለው ምት የማን እንደሚሆን ማሰብ ያስፈልጋል። የሩማቲክ በሽታ የግራውን የልብ በር ሲያጠብ ደግሞ የላይኛው ክፍል እየተንቀጠቀጠ የምቱ ርቀት ሥርዓት ያጣል። ሥርዓት በሌለው ልብ ላይ «አማካይ ርቀት» የሚባለው መሪ ደካማ መሪ ነው። ደራሲዎቹ ይህን ዐውቀው ሥርዓት ላጣ ልብ ደፉን በግማሽ ዝቅ አድርገዋል። ደፍ ዝቅ ሲል ግን ሁከትም አብሮ ይገባል፤ የእኛ ሁከት ደግሞ እነርሱ ካሰቡት ይበልጣል።

በሦስተኛ ደረጃ፣ በተማሪዎች ጽሑፍ ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለሚታይ ልማድ አንድ ቃል ልጨምር። ልማዱ እንዲህ ነው፤ ንጹሕ ቅጂ ይወሰዳል፤ ኮምፒውተር የፈጠረው ሁከት ይጨመርበታል፤ ያው ሁከት መልሶ ይጣራል፤ ከዚያም ሁለት ሥዕል ጎን ለጎን ይቀርባል፤ አንዱ የተዝረከረከ፣ አንዱ የጠራ። ይህ በገዛ እጅ የደበቁትን ዕቃ ፈልጎ ማግኘት ነው። ሥዕሉ ማማሩና ምቱ በትክክል መቈጠሩም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሊጠየቅ የሚገባው «መሥመሩ ምን ያህል ጠራ?» ሳይሆን «ስንት ምት ተሳተ? ስንትስ ያልነበረ ምት ተጨመረ?» ነው።

ደግሞም ለቈጠራ የተጣራው ለሐኪም ዐይን የሚሆን አይደለም። ሐኪም በሽታ ለመለየት የሚያነበው ምልክት ከ0.05 እስከ 150 ዙር ያለውን ስፋት ይፈልጋል። ከ5 ዙር በታች ያለውን የቈረጠ ማጣሪያ፣ የልብ ጡንቻ ደም ማጣቱን የሚያመለክተውን ከኤስ እስከ ቲ ያለውን መሥመር ያጣምመዋል። እንግዲህ አንድ መሣሪያ ሁለቱንም ሥራ ይሠራል ብሎ የሚያቀርብ ሰው፣ ምልክቱን ከመነሻው በሁለት መንገድ መክፈል ይኖርበታል፤ አንዱ ለቈጣሪው፣ ሌላው ሳይነካ ለሐኪሙ።

«ይህ ሁሉ ያለፈበት ክርክር ነው፤ ዛሬ ኮምፒውተር ከምሳሌ ራሱ ይማራል፤ ማጣሪያ መለካት አያሻውም» የሚሉ ጓደኞች አሉ። ሐሳባቸውን አልንቅም። ነገር ግን የሚማረው ከየትኛው ምሳሌ ነው? ያው የቦስተኑ መዝገብ ከሆነ፣ ማሽኑ የሚማረው የ60 ዙርን ጉምጉምታና የአዋቂ ሰውን ልብ ነው። የአሮጌው ዘዴ ጉድለት ቢያንስ በወረቀት ተሰልቶ ሊታይ ይችላል፤ የአዲሱ ግን በብዙ ሺህ ቍጥሮች መካከል ተሸሽጎ ይቀራል። ስለዚህ አዲሱ ዘዴ ጥያቄውን አባባሰው እንጂ አላስቀረውም።

እንግዲህ በሐዋሳ ያለን ተማሪዎች ምን እናድርግ? የሚቻለውን ብቻ ላመልክት። አንደኛ፣ ማንኛውም የልብ ምልክት ጥናት ናሙናው በሴኮንድ ስንት እንደ ሆነና ማጣሪያው በ50 ዙር ላይ ስንት እጅ እንደሚያሳልፍ በመጀመሪያው ገጽ ይጻፍ። ይህ አንድ መሥመር ነው፤ ወጪ የለውም። ሁለተኛ፣ የሁከት መዝገብ ይኑረን። በሐዋሳ ቤተ ሙከራዎችና በፈቃድ በሕክምና ክፍሎች ውስጥ፣ መብራት ባለበትም በጄኔሬተርም ጊዜ፣ ከበሽተኛ ሳይሆን ፈቃደኛ ከሆኑ ጤነኛ ሰዎች የተቀዳ ጥቂት ደቂቃ፣ ከውጭ ከሚመጣ ብዙ ሰዓት ይልቅ ስለ እኛ ክፍል ይነግረናል። ሦስተኛ፣ የሕክምናና የቴክኖሎጂ ተማሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ። ምቱን ምልክት የሚያደርግ የሕክምናው ተማሪ ነው፤ የሚቈጥረውን ማሽን የሚሠራ የቴክኖሎጂው ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው የሚሠራው ግማሽ ሥራ ነው። በልጆች ላይ የሚደረገው ቀረጻ ግን የወላጅን ፈቃድና የሥነ ምግባር ኮሚቴን ይሁንታ ሳያገኝ መጀመር የለበትም።

አራተኛውና የመጨረሻው፣ ሁከትን ከማጣራት በፊት ከምንጩ መቀነስ ነው። የቆዳውን ላብ መጥረግ፣ ቅባቱ ያልደረቀ ኤሌክትሮድ መለጠፍ፣ ሽቦዎቹን አጣምሞ ከመብራት መሥመር ማራቅ፣ በቀኝ እግር ላይ የሚቀመጠውን ኤሌክትሮድ አለመዘንጋት፤ እነዚህ ከብዙ ቀመር ይበልጣሉ። የደፈረሰ ውሃ ከማጥራት ምንጩን ማጠር ይሻላልና።

ፓንና ቶምፕኪንስ የሠሩት ሥራ አርባ ዓመት የቆመው፣ የነበራቸውን ማስያ፣ የነበራቸውን መሥመርና የነበሩባቸውን በሽተኞች በሚገባ ዐውቀው ስለ ሠሩ ነው። እነርሱን ማክበር ማለት ቍጥራቸውን መገልበጥ ሳይሆን አካሄዳቸውን መከተል ነው። እነርሱ «የእኛ ወፍጮ በስንት ዙር ይጮኻል?» ብለው ጠየቁና ለዚያ የሚሆን ወንፊት አበጁ። የእኛ ወፍጮ በ50 ዙር ይጮኻል። ከዚያ በታች ተሸፍኖ ያለው ድምፅ የአንድ ልጅ ልብ ሊሆን ስለሚችል፣ ወንፊቱን በራሳችን ልክ የማበጀቱ ሥራ ለሌላ ሰው የምንተወው አይደለም።